መርፌና ክር፦ የተረሳው የእጅ ሥራችን

መርፌና ክር ሲነሣ ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታሰበን የተቀደደ ልብስ መጣፍ ነው። የልጅ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ሲሳሳ፣ ነፋስ ሸራውን ሲገነጥለው፣ የጆንያ አፍ መዘጋት ሲኖርበት መርፌ ይፈለጋል፤ ሥራው ካለቀ በኋላም በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በአገር ቤት ግን መርፌ ሌላም ጥቅም ነበረው። በትራስ ልብስ ላይ ወፍና አበባ ይወጣበት፣ የቀሚስ ደረትና እጅጌ ይዋብበት፣ በአልጋ ልብስ ዙሪያ ሐረግ ይመዘዝበት ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ይህን ሁለተኛውን ጥቅም፣ ማለትም ጥልፍን ነው።

የሚነሣው ጥያቄ ከወዲሁ ይታወቀናል። «ራሽኑ ሳይበቃ፣ ውሃው በወረፋ ሆኖ፣ አበባ መጥለፍ ምን ይፈይዳል?» የሚል ወገን ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልስ ይገባዋል። በመጠለያ ኑሮ ብዙውን ነገር የሚወስንልን ሌላ ሰው ነው። የምንቀበለው እህል ዓይነትና መጠን፣ የምንቀበልበት ቀን፣ ቤት የምንሠራበት ቦታ፣ ማመልከቻችን መልስ የሚያገኝበት ጊዜ በእኛ እጅ አይደለም። ጨርቅ ዘርግቶ «ይህ ቅጠል አረንጓዴ ይሁን፣ ይህኛው ቀይ» የሚል ሰው ግን ወሳኙ ራሱ ነው። ውሳኔው ትንሽ ቢሆንም የራሱ ነው። ይህ ነገር ለሰው ልጅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ፣ በክፉ ቀን መርፌ ያነሡ ሰዎች ታሪክ ምን እንደሚያስተምረን፣ እኛም ኡም ጋርጉር ላይ ያለንን ይዘን እንዴት መጀመር እንደምንችል ከዚህ በታች እናብራራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ጥበብና ጥልፍ

ሁለቱን ቃላት አንዳንዴ እናደባልቃቸዋለን። ጥበብ የሚባለው ሸማኔው ጨርቁን በሚሠራበት ጊዜ ባለ ቀለም ክር እያስገባ ከሸማው ጋር አብሮ የሚሸምነው ጌጥ ነው። ጥልፍ ግን ጨርቁ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚጨመርበት ነው። ለጥበብ የሽመና ዕቃ፣ የተደላደለ ቦታና የብዙ ዓመት ልምድ ያስፈልጋል። ለጥልፍ መርፌ፣ ክርና አንድ ቁራጭ ጨርቅ ይበቃል። ለስደተኛ የሚያመቸውም በዚህ ምክንያት ነው፤ መሣሪያው በሙሉ በመሐረብ ጥግ ተቋጥሮ ይሄዳል።

በአገራችን ደጋማ ክፍል በቀደመው ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። በወርቅማና በብርማ ክር የተጠለፉ የካህናት አልባሳትና የታቦት ጃንጥላዎች በጥምቀት በዓል አደባባይ ሲወጡ በዓሉን ያከበረ ሁሉ አይቷል። በከተማ ደግሞ በ1931 በአዲስ አበባ እንደተከፈተው እንደ እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ባሉት ቦታዎች ልጃገረዶች ከቀለም ትምህርት ጋር የእጅ ሥራ ይማሩ ነበር። በኪሮሽ የሚሠራው ዳንቴልም የጠረጴዛና የሬዲዮ ልብስ ሆኖ በየቤቱ ገብቷል። ከእኛ መካከል ይህን ሁሉ በእናቱ ወይም በአክስቱ ቤት ሳያይ ያደገ ጥቂት ነው። ሌሎቹ ጎረቤቶቻችንም፣ ትግርኛ፣ ትግረ ወይም ዐረብኛ ተናጋሪ ቢሆኑ፣ የየራሳቸው የስፌትና የጥልፍ ባህል አላቸው። እንግዲህ ሙያው ከመካከላችን አልጠፋም፤ ቦታ አጥቶ ተቀምጧል። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

በክፉ ቀን የተያዘ መርፌ

በለንደን ከተማ ቪክቶሪያና አልበርት በሚባለው ቤተ መዘክር ውስጥ በሐር ክር የተጠለፈ አንድ የጥጥ ቀሚስ አለ። የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ እንደሆነ የተመዘገበ ነው። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ እቴጌይቱ ከልጃቸው ከልዑል ዓለማየሁ ጋር ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በግንቦት ወር በመንገድ ላይ አረፉ። ልጁ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1879 እዚያው ሞተ። ከዚያ ቤተሰብ ኑሮ ዛሬ በዓይን ከሚታዩት ጥቂት ነገሮች አንዱ ያ ጥልፍ ነው። መንግሥትና ምሽግ ካለፉ በኋላ በመርፌ የተሠራ ነገር ይቀራል ማለት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከሩቅ ምሥራቅ ነው። በየካቲት 1942 ጃፓኖች ሲንጋፖርን ሲይዙ የሌላ አገር ተወላጅ የሆኑ ሲቪሎች ቻንጊ በሚባል እስር ቤት ታጎሩ። ሴቶችና ሕፃናት በአንድ ወገን፣ ወንዶች በሌላ ወገን ሆኑ። ባሎች ሚስቶቻቸው በሕይወት መኖራቸውን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። በዚያን ጊዜ ለእያንዳንዷ ሴት ትንሽ አራት ማዕዘን ጨርቅ ተሰጥቷት ስሟንና ስለ ራሷ የሆነ ነገር እንድትጠልፍበት ተነገራት። ቁራጮቹ 66 እየሆኑ ተገጣጥመው የአልጋ ልብስ ሆኑ፤ ለቁስለኞች ሆስፒታል የሚሰጥ ነው ተብሎም እንዲያልፍ ተፈቀደ። ስሞቹን ያነበበ ማን በሕይወት እንዳለ ዐወቀ። ደብዳቤ በተከለከለበት ቦታ መርፌ ደብዳቤ ጻፈ። ከእነዚህ የአልጋ ልብሶች ሦስቱ ተጠብቀው እስከ ዛሬ አሉ።

ሦስተኛው ታሪክ ከእኛ ኑሮ ጋር በይበልጥ ይመሳሰላል። ሞንግ የሚባሉት የላኦስ ተራራ ነዋሪዎች በ1975 አገራቸው ውስጥ መንግሥት ሲለወጥ ወንዝ ተሻግረው ወደ ታይላንድ ተሰደዱ። ሴቶቻቸው ከጥንት ጀምሮ በጨርቅ ላይ የሚሠሩት ቅርጽ ብቻ ነበር። በመጠለያው ውስጥ ግን ሥዕል መጥለፍ ጀመሩ። የእርሻቸውን፣ የመንደራቸውን፣ የአውሮፕላን ድብደባውንና የወንዙን መሻገር በክር አወጡት፤ ወንዶችም ሥዕሉን በመንደፍ ይረዱ ነበር። ልጆቻቸው የማያውቁትን አገር በጨርቅ ላይ አዩት።

ለገዳሪፍ ምድር የሚቀርበው ደግሞ የቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ነው። በ1984 ከጎንደርና ከትግራይ በእግር ተጉዘው ሱዳን ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን ብዙ ሺሑ የሰፈሩት ከእኛ ብዙም በማይርቀው በኡም ራኩባ መጠለያ ነበር። በረሀብና በበሽታ ብዙዎቹ እዚያው ቀርተዋል። በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ከተወሰዱ በኋላም የቀሩ ቤተሰቦች በአዲስ አበባና በጎንደር ተራቸውን ለዓመታት ሲጠብቁ ኖረዋል። በ1990ዎቹ የኢትዮጵያን ቤተ እስራኤላውያን የሚረዳ አንድ የሰሜን አሜሪካ ድርጅት ለእነዚህ ተጠባባቂዎች የጥልፍ ሥራ አዘጋጅቶላቸው ነበር። የጠለፉትም የሚያውቁትን የመንደር ኑሮና የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን ነበር። ሥራው እየተሸጠ ለኑሮ መደጎሚያ ሆኗል፤ የመጠበቂያውም ጊዜ ባዶውን አላለፈም።

በመጨረሻ በቅርባችን ያለውን ምሳሌ እንጥቀስ። ሚላያ በዐረብኛ አንሶላ ማለት መሆኑን ገዳሪፍ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። በደቡብ ሱዳን ሚላያ የሚባለው በአበባና በወፍ ጥልፍ የተሞላ፣ ዙሪያው በኪሮሽ የተሠራ የአልጋ ልብስ ነው። በ2013 እና በ2016 በአገራቸው ጦርነት ሲነሣ ወደ ኡጋንዳ የሸሹ ሴቶች ሌላውን ንብረት ጥለው ሚላያቸውን ይዘው ወጥተዋል፤ ዕቃቸውንም የቋጠሩት በእሱ ነበር። በስደት ቦታም እንደገና መጥለፋቸውን አልተዉም።

ለምን ይጠቅማል?

ከላይ ያየናቸው ሰዎች የኖሩት በተለያየ አገርና ዘመን ነው። መርፌ የሰጣቸው ጥቅም ግን ተመሳሳይ ነው። እኛ በሦስት ከፍለን እናየዋለን።

አንደኛ፣ ሐሳብን ይሰበስባል። የሚጠልፍ ሰው ክር ይቆጥራል፣ ቀጥሎ መርፌው የሚገባበትን ቦታ ይፈልጋል፣ እጁም አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ እየደጋገመ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ የሚያስጨንቀው ሐሳብ ባይጠፋም ለጥቂት ጊዜ ፈቀቅ ይላል። በአዲስ አበባ በ1965 በተቋቋመው በአለርት የሥጋ ደዌ ማዕከል ጣቶቻቸው የተጎዱ ሰዎች የጠለፏቸው ጨርቆች ለብዙ ዓመታት ሲሸጡ ኖረዋል። ጉዳት ያለበት እጅ እንኳን ቀስ ብሎ ከሠራ ያማረ ነገር እንደሚያወጣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ቀኑ ማለፉ ይታያል። በመጠለያ ውስጥ ከሚከብዱን ነገሮች አንዱ ትናንትና ዛሬ መመሳሰላቸው ነው። ጨርቅ የያዘ ሰው ግን ትናንት ያልነበረ ቅጠል ዛሬ እንዳለ ያያል። አንድ ሐረግ በሳምንት ይደርሳል፤ አንድ የትራስ ልብስ ኸሪፍ ሳይወጣ ያልቃል። ጊዜ በእጅ ሥራ ሲለካ የባከነ አይመስልም።

ሦስተኛ፣ ሰውን ያቀራርባል። ቡና ተፈልቶ ጎን ለጎን ሆኖ መጥለፍ ለጨዋታ ያመቻል። ዓይን ሥራው ላይ ስለሚሆን ፊት ለፊት ለመናገር የሚከብድ ነገር ቀለል ብሎ ይወጣል። ዝም ማለት የፈለገም ዝም ብሎ መሥራት ይችላል፤ የሚጠይቀው የለም።

ይህን ስንል ጥልፍ የበሽታ መድኃኒት ነው ማለታችን አይደለም። ለብዙ ቀን እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የዘጋው፣ ከሰው የራቀ ወይም ሕይወቱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ካለ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ልንረዳው፣ ብቻውንም እንዳንተወው ያስፈልጋል። መርፌው ከሕክምናው ጎን ይሆናል እንጂ በሕክምናው ቦታ አይተካም።

ያለንን ይዘን እንዴት እንጀምር?

ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ በሚያዝያ 2023 ከተነሣ ወዲህ ብዙ ተፈናቃይ ወደ ገዳሪፍ መግባቱንና የገበያው ዋጋ ምን ያህል እንደናረ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ግዢ የሚያበዛ ምክር አንሰጥም። አብዛኛው ነገር ከቤት ይገኛል።

ጨርቅ። ያረጀ ነጠላ፣ መሐሉ የሳሳ አንሶላ፣ የቀሚስ ትርፍራፊ ወይም አቡጀዲ ይሆናል። አንሶላ የሚሳሳው መሐሉ ስለሆነ ጠንካራው ጨርቅ ከዳር ይቆረጣል። የማዳበሪያ ጆንያ ላስቲክ ስለሆነ ለልብስ አይመችም። ጨርቁ ከመጀመሩ በፊት ታጥቦ ይድረቅ፤ ያልታጠበ ጨርቅ ከተጠለፈ በኋላ ሲታጠብ ሊሰበሰብና ሥራውን ሊያጨማድደው ይችላል።

ክር። የሚሸጠው የጥጥ ጥልፍ ክር ብዙውን ጊዜ ከስድስት ቀጫጭን ክሮች የተጠቀለለ ነው። ስድስቱም አንድ ላይ ይሥሩ የሚል ሕግ የለም። በሁለት ወይም በሦስት ክር ከተጠለፈ ሥራው ይለሰልሳል፣ ክሩም ለረጅም ጊዜ ይበቃል። ገንዘብ ከሌለ ያረጀ ሹራብ ተተርትሮ ክሩ ይወጣል። የተተረተረ ክር የተጠማዘዘ ስለሚሆን ታጥቦ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ድንጋይ ታስሮበት ተንጠልጥሎ ሲደርቅ ይቀናል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ክር ቀለሙን እንዳይለቅ አስቀድሞ በውሃ አርሶ በነጭ ጨርቅ ላይ በመጫን ይፈተን።

መርፌ። ዓይኑ ሰፋ ያለ ይመረጣል። የዛገ መርፌ ጨርቅን ያበላሻል፣ ሰውንም ሲወጋ አደገኛ ነው። በተለይ በኸሪፍ ወራት ዝገት ስለሚበዛ መርፌ በደረቅ የጨርቅ ቁራጭ ላይ ተሰክቶ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ሥራ ሲጀመርና ሲያልቅ መርፌውን ቆጥሮ ማስቀመጥ ጥሩ ልማድ ነው፤ መሬት ላይ ምንጣፍ ዘርግተን የምንተኛ ብዙዎች ነንና።

ንድፍ። በነጭ ጨርቅ ላይ በእርሳስ፣ በጥቁር ጨርቅ ላይ በደረቀ የሳሙና ስባሪ ይነደፋል። ጨርቁን የሚወጥረው ክብ እንጨት ካለ መልካም ነው፤ ከሌለም ጨርቁን በግራ እጅ ጣቶች ወጠር አድርጎ መያዝ ይበቃል።

ለጀማሪ ሦስት ዓይነት አሠራር ብቻ እንመክራለን። የመጀመሪያው መርፌው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ በእኩል ርቀት እየገባ እየወጣ የሚሄድበት ተራ ስፌት ነው። ቀጥ ያለ መሥመርና የቅጠል ዙሪያ ይሠራበታል። ሁለተኛው እንደ ሰንሰለት የሚያያዘው ነው። መርፌው ወጥቶ በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ሲገባ ክሩ እስከ መጨረሻው ሳይሳብ ትንሽ ቀለበት እንዲቀር ይደረጋል፤ ከዚያም መርፌው ትንሽ ፈንጠር ብሎ በቀለበቱ ውስጥ ይወጣል። ይህ ለሐረግና ለአበባ ግንድ ያምራል። ሦስተኛው የመስቀል ቅርጽ ነው። በእርሳስ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይሠመሩና መርፌው ከታችኛው ግራ ጥግ ወጥቶ በላይኛው ቀኝ ጥግ ይገባል። ረድፉ እስኪያልቅ በዚህ ዓይነት ተሂዶ በመመለሻው ከታችኛው ቀኝ ወደ ላይኛው ግራ እየተሻገረ ይሠራል። ከላይ የሚውለው ክር ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ መሆን አለበት፤ ከተደባለቀ ጥልፉ ጎርበጥባጣ ይመስላል።

የምንቆርጠው ክር ርዝመቱ ከጣት ጫፍ እስከ ክርን ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ከረዘመ ይቋጠራል፣ ጨርቁን በተመላለሰ ቁጥርም ይሳሳል። መጨረሻው በጀርባው በኩል በተሠሩት ስፌቶች ሥር ሾልኮ ቢያልፍ ከቋጠሮ ይሻላል፤ ጀርባውም ንጹሕ ይሆናል።

ዓይናችንን እንጠብቅ። ጥዋትና ከሰዓት በኋላ በራኩባ ጥላ ሥር መጥለፍ መልካም ሲሆን በኩራዝ ብርሃን ማምሸት ግን ዓይንን ያደክማል። በየመሐሉ ቀና ብሎ ሩቅ ማየት ይረዳል። ያለቀ ሥራ በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት ሳሙና ይታጠብ፣ አይጠምዘዝ፣ ተገልብጦ በጥላ ይሰጣ። የገዳሪፍ ፀሐይ የማይነጥቀው ቀለም ጥቂት ነው።

የሚሸጠውና የሚቀመጠው

በየመጠለያው ስለ ስፌት የሚሰጠው ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ ስለ ገቢ ነው። በእርግጥም ገቢ ያስፈልገናል። ሆኖም ከሞንግ ሴቶች ታሪክ ሌላም ትምህርት እናገኛለን። ሥራቸው በአሜሪካ ገዢ ሲያገኝ ነጋዴዎች ቀለሙ ደብዘዝ ያለ እንዲሆን ጠየቁ። ደማቁ የአባቶቻቸው ቀለም ቀርቶ ቡኒና ፈዛዛ ሰማያዊ ክር ገባ። ገዢ የሚወደውን መሥራት ነውር የለበትም። ነገር ግን መርፌ የያዝነው ራሳችን የምንወስነው ነገር እንዲኖረን ከሆነ ውሳኔውን በሙሉ ለገዢ አሳልፈን ከሰጠን ያው ወረፋ ላይ እንደመቆም ይሆንብናል።

ስለዚህ ሁለት ጨርቅ መያዝን እንመክራለን። አንዱ ለገበያ፣ አንዱ ለቤት። ለገበያ በሚሠራው ላይ ገዢው የጠየቀውን ቀለም እናድርግ፤ ዋጋውም የክሩን፣ የጨርቁንና የፈጀብንን ቀናት ተቆጥሮ ይተመን። ክር ሰጥቶ ያለቀ ሥራ የሚወስድ ሰው ካለ የሰጠው ክር፣ የሚከፍለው ገንዘብና የሚከፍልበት ቀን ምስክር ባለበት በወረቀት ይጻፍ። ለቤት በሚሠራው ላይ ግን ማንም አይዘዘን። የሚወጣው የእናታችን የትራስ ልብስ ወፍ፣ የመንደራችን ዋርካ ወይም ያሻገረን ወንዝ ሊሆን ይችላል። ይህኛው ጨርቅ ቀስ ብሎ ቢያልቅ ግድ የለም።

የማን ሥራ ነው?

«ጥልፍ የሴት ሥራ ነው» የሚለው አነጋገር በታሪክም በገበያም አይደገፍም። በአገራችን ሸማኔው ወንድ ነው፤ በገዳሪፍ ሱቅ በረንዳ በመኪና የሚሰፋውም ወንድ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮች በሆስፒታል አልጋቸው ላይ ይጠልፉ ነበር። በለንደን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አንድ የመሠዊያ ልብስ ከብሪታንያ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከካናዳና ከደቡብ አፍሪካ በመጡ ከ130 በላይ ቁስለኛ ወታደሮች የተጠለፈ ነው። ጠመንጃ የያዘ እጅ መርፌ ለመያዝ አላፈረም። ከሰሊጥና ከማሽላ አጨዳ ውጭ ባሉት ወራት ሥራ ፈትተው የሚውሉ ወጣት ወንዶቻችንም ቢሞክሩት አይጎዱም።

ዓይናቸው የደከመ አባቶችና እናቶችም ድርሻ አላቸው። መርፌ መያዝ ባይችሉ ንድፉን ይናገራሉ፤ የትኛው ሐረግ በየትኛው አገር ቀሚስ ላይ እንደሚወጣ፣ ለልጅ ክርስትና ወይም ለሙሽራ ምን እንደሚሠራ ያስታውሳሉ። ይህን ካልጠየቅናቸው አብሯቸው ይሄዳል። ኡም ጋርጉር ከ1976 ጀምሮ ስደተኞች የሰፈሩባት ቦታ ናት። እዚህ ተወልደው፣ እዚህ አግብተው ልጅ የወለዱ ብዙዎች ናቸው። እነዚህ ልጆች አገራቸውን በወሬ እንጂ በዓይን አያውቁትም። አያት ስትናገር፣ እናት ስትነድፍ፣ ልጅ ስትጠልፍ በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሦስት ትውልድ ይገናኛል።

ስምና ቦታ እንጻፍ

አንድ የመጨረሻ ምክር አለን። ሥራችን ሲያልቅ በጨርቁ ጀርባ፣ በአንዱ ጥግ፣ ዓመተ ምሕረቱንና «ኡም ጋርጉር» የሚለውን በትንሽ ፊደል እንጥለፍበት። ስሙን መጻፍ የሚሻ ስሙን ይጨምር፤ በልዩ ምክንያት ስሙ እንዲታወቅ የማይፈልግ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ያድርግ። ስማችን እስከ አሁን የተጻፈው በራሽን ካርድና በመዝገብ ላይ፣ በሌላ ሰው እጅ ነው። የቻንጊ ሴቶች ስማቸውን በራሳቸው እጅ ስለ ጻፉ ይኸው ከ80 ዓመት በኋላ ይነበባል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ መርፌ፣ የአንድ ክንድ ክርና የእጅ መዳፍ የሚያህል ጨርቅ ነው። ሙያው ያላችሁ እናቶችና እኅቶች ቢያንስ አንድ ጎረቤት፣ ከተቻለም ቋንቋዋ ከእናንተ የተለየ ጎረቤት፣ እንድታስተምሩ አደራ እንላለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና። እስከሚቀጥለው እትማችን በደኅና ያቆየን።